ከገጽ አሥራ ሦስት በኋላ

ባለፈው ሐሙስ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ቆመ። የገበያ ቀን ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሦስት ሰው ሲያስገባ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴት ከአጠገቤ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ በኩርቱ ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲነጥር ፌስታሉ ተከፈተና ሽታው ወጣ። ዳማ ከሴ ነው። ከበሶብላ የከረረ፣ ከአፍንጫ አልፎ ግንባር ውስጥ የሚገባ ሽታ አለው።

ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ፎገራን አቋርጠን ወረታን እስክናልፍ ድረስ በመስኮቱ የታጨደውን የሩዝ ማሳ ሳይ ቆየሁ። ዳገቱን ስንጀምር ግን አላስችል አለኝና «ለማን ነው እማማ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ለባለቤቴ ነው ልጄ። ምች መትቶት። ከትናንት ጀምሮ ፊቱ…» አሉና ስልካቸው ጠራ።

ስልኩን አነሡ። ዓረፍተ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፊቱ ምን? እሳቸው ከገበያ ስለገዙት በርበሬ ለልጃቸው ሲያስረዱ፣ እኔ በሐሳቤ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኜ ጉና ተራራ ጥግ አንድ የደረቀ የድንች መደብ ላይ ቆሜ ነበር።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ኮንቴይነር ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሣ ነበር። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልገፋሁበትም። ነገር ግን በእኔ እጅ የማያልፍ ትምህርት አልነበረም፤ የአፈር ሳይንስ፣ ሕግ፣ ሒሳብ፣ የከብት በሽታ። ማሽኑ አርጅቶ ስለነበር አንዳንዴ ሁለት ወረቀት አጣብቆ ይስብና አንዱን ገጽ ይዘልላል። ለባለቤቱ እንደገና አንሥቼ ሙሉውን እሰጣለሁ፤ የተበላሸውን ቅጂ ግን አልጥለውም። እቤት ወስጄ አነበዋለሁ። እኔ ያነበብሁት ሁሉ አንድ አንድ ገጽ የጎደለው ነው ማለት ይቻላል።

ያን ዓመት በታኅሣሥ አንዲት ነርስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሠለጥኑበትን ጥራዝ ልታስባዛ አመጣች። በአማርኛ የተጻፈ ነው። ስለ ስትሮክ የሚናገረው ክፍል ከገጽ ዘጠኝ ይጀምራል። ለምን እንዲያ እንደያዘኝ እንጃ። ምናልባት ቃሉ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጌ «ምት» ማለት መሆኑን ሳይ ገረመኝ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ሰው ድንገት ፊቱ ሲጣመም፣ ጎኑ ሲደርቅ «ምች መታው» ነው የሚባለው። ፈረንጁም የጉና ገበሬም ሳይነጋገሩ፣ የመታውን ነገር ሳያዩ፣ ሰውየው መመታቱን ብቻ አይተው ተቀራራቢ ስም አውጥተውለታል።

ደብተሬ ላይ በማስመሪያ ሰንጠረዥ አሰመርሁ። በመጀመሪያው ዓምድ «የተደፈነ» ብዬ ጻፍሁ፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። በሁለተኛው «የፈሰሰ» አልሁ፤ ቧንቧው ፈንድቶ ደሙ አንጎል ውስጥ ሲፈስ። ሦስተኛው «መጥቶ የሄደ» ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ በራሱ ሲከፈት። ከየዓምዱ ሥር ምልክቶቹን ደረደርሁ። ራስ ምታትና ትውከት የሚበዛው በሁለተኛው ነው። አስፕሪን የሚሰጠው ለመጀመሪያው ነው። ገጽ አሥራ ሦስት መጨረሻው ላይ «እነዚህን ዓይነቶች በሚታዩት ምልክቶች ብቻ ለይቶ ማወቅ» ይልና ወረቀቱ ያልቃል። የሚቀጥለው ገጽ አሥራ አምስት ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ስኳር በሽታ ያወራል። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ብቻ የጎደለው መሰለኝ። ጎዶሎ ነገር አልወድም። እርሳሴን ቀረጽሁና «ይቻላል» ብዬ ሞላሁት። አራት ነጥብም አደረግሁለት።

በማግሥቱ ከመድኃኒት ቤት ጥቂት አስፕሪን ገዝቼ በወረቀት ጠቅልዬ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ አኖርሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ዝግጁ መሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በጥር ተማሪው ለእረፍት ሲበተን ማሽኑም ተበላሸ። መካኒኩ ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል ስላለኝ ኮንቴይነሩን ቆልፌ ወደ ጉና፣ ወደ አጎቴ ወደ አያ ደሴ ወጣሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጥር ጉና ላይ ሁለት ወቅት ነው፤ ጠዋት አመዳዩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ እግር ሲረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከላይ የጅብራው ተክል እንደ ቆመ ሰው ይታያል፣ ከታች በመስኖ የለማው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል፣ በመካከሉ ቦዩ እያብለጨለጨ ይወርዳል። እዚያ ስሆን ጊዜው ራሱ በቦይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያስቸኩል።

አያ ደሴ ወሬ አዋቂ ናቸው። እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። እኔን «ኮፒ» ነበር የሚሉኝ።

«ኮፒ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ገልብጠህ መጣህ?» አሉኝ በደረስሁ ቀን፣ ከድንቹ መደብ ዳር ቁጭ ብለን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ስንበላ።

«ስለ ስትሮክ ነው አያ።»

«እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ሳቅሁና ደብተሬን አውጥቼ ሰንጠረዡን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ መስመሮቹን ግን በጣታቸው ተከትለው «ቀጥ ያለ ነው፤ በበሬም እንዲህ አይታረስ» አሉ። የእያንዳንዱን ዓምድ ትርጉም ስነግራቸው ድንቹን በአንድ ጉንጫቸው ይዘው አዳመጡኝ።

«ቦይ ነው በለኛ» አሉ ሲውጡ። «ወይ ይደፈናል፣ ወይ ይሰበራል።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው።»

«አንተ ደግሞ ሰውየውን አይተህ ይኼ የተደፈነ ነው፣ ያኛው የተሰበረ ነው ልትል ነው።»

«ምልክት አላቸዋ አያ።»

ከመደቡ ደረቅ አፈር አነሡና መዳፋቸው ላይ ፈረፈሩት። «እዚህ ቆሜ የማውቀው ውሃው አለመምጣቱን ነው። ከላይ ሣር ደፍኖት ይሁን ፍልፈል ሰርስሮት ይሁን፣ ድንቹን ብትጠይቀው አይነግርህም። ወጥተህ ማየት ነው። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ እንዳንተ አወቅሁ ብዬ፣ ተደፍኗል ብዬ፣ ከላይ ውሃ ብጨምርበት ለካ ተሰብሮ ኖሯል፤ የአባ ውብነህን ነጭ ሽንኩርት ጠራርጎ ወሰደው። ይኸው እስከ ዛሬ በተገናኘን ቁጥር ሽንኩርቴ ይሉኛል።»

እኔ በሆዴ «ድንችና ሰው አንድ ነው?» አልሁ። ትንሽ ከፍቶኝም ነበር። ደብተሬን ዘጋሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የውሃ ተራው የአያ ደሴ ነበር። አመዳዩ ገና ከጥላው ሥር አልጠፋም። እሳቸው ከፊት ዶማ ይዘው፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወደ መደቡ ወረድን። ቦዩ ባዶ ነው። ቆም ብለው ወደ ላይ አዩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ውሃው…» አሉ።

ዶማው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ዝቅ ብለው አዩት። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከትከሻቸው ተንጠለጠለ። ቀና ሲሉ የአፋቸው ቀኝ ጠርዝ ወደ ታች ወርዷል። «ውሃው…» አሉ እንደገና። «ውሃው… ውሃው…» ሌላ ቃል ሲፈልጉ ዓይናቸው ውስጥ አየሁት። አልመጣላቸውም።

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሃያ። ደግፌ አስቀመጥኋቸውና ጮህሁ።

ባለቤታቸው እቴ ጥሩ እየሮጡ መጡ። «ደሴዬን ምች መታብኝ! ትኩስ በልተህ ፀሐይ ላይ አትውጣ ብዬው ነበር፣ ሰው አይሰማ!» እያሉ ነጠላቸውን ጣሉት። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ደረሱ። አባ ውብነህም መጡ። በእሳቸው ግቢ ነው ዳማ ከሴ የሚገኘው፤ ብርዱ ስለሚያቃጥለው ከቤታቸው ግድግዳ ጥግ ከልለው ነው የሚያሳድጉት። ቅጠሉን በሁለት መዳፋቸው እያሹ፣ አረንጓዴው ጭማቂ በጣታቸው መካከል እየወረደ፣ «ኩባያ አቅርቡ፣ አፉን ክፈቱ» አሉ።

«አፋቸው ውስጥ አትጨምሩ!» አልሁ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። «መዋጥ ላይችሉ ይችላሉ። ትን ይላቸዋል።»

አባ ውብነህ ዞረው አዩኝ። «አንተ ኮፒ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ አባ።»

«ታዲያ ኮፒ መድኃኒት መከልከል የት ተማረ?»

«ምች አይደለም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የእቴ ጥሩን ፊት ሳይ ግን ቃሉን ዋጥሁት። «ምች መሆኑማ ምች ነው» አልሁ። «ግን የአንጎል ምች ነው አባ። እሱ ደግሞ ዓይነት ዓይነት አለው። በግንባራቸው ያሹላቸው፣ ግድ የለም። በአፍ ግን አይስጧቸው።»

አባ ውብነህ የአያን ግንባር ሲያሹ እኔ ጎንበስ ብዬ «አያ፣ ራስዎን ያምዎታል?» አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አያምም። አላስመለሳቸውም። ነቅተዋል፣ ያዩኛል። ሰንጠረዤ በሐሳቤ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ከፊቴ ነበር፤ ምልክቱ ሁሉ የመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ ይገባል። የተደፈነ ነው። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። አንዱን አስፕሪን አውጥቼ በሁለት ጣቴ ያዝሁት፤ አድቅቄ ከምላሳቸው ሥር አደርገዋለሁ አልሁ። ሌላው ሰው አፋቸው ውስጥ አንዳች እንዳይጨምር የከለከልሁት እኔው መሆኔን ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

«እና ይኼኛው የትኛው ዓይነት ነው?» አሉኝ አባ ውብነህ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አያ ደሴን አየኋቸው። በደህናው፣ በግራ እጃቸው የመደቡን ደረቅ አፈር ይዘው እየፈረፈሩ «ውሃው…» አሉኝ። ለእኔ ነበር ያሉት። ውሃው ምን? ቀረ? ተደፈነ? ተሰበረ? የእሳቸውን ዓረፍተ ነገር ልሞላው ፈለግሁ፤ ሁሉም ቃል ልክ ይገባል፣ አንዱም ግን የእሳቸው አይደለም። ጣቶቼ መካከል ያለው ክኒን ድንገት ከበደኝ፤ ወደ ኪሴ መለስሁት።

«አላውቅም» አልሁ።

«አታውቅም?»

«አላውቅም አባ። ተደፍኖም ይሆናል፣ ተሰብሮም ይሆናል። እዚህ ድንቹ ጋ ቆሞ አይታወቅም። የራስን ውስጥ የሚያሳየው መሣሪያ ባሕር ዳር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የሚመስለኝን ብሰጣቸው ልገድላቸው እችላለሁ።»

አባ ውብነህ አረንጓዴ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ትንሽ አሰቡ። «እኔም አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ጮሁ፦ «ሁለት የማያውቅ ሰው እዚህ ተቀምጦ ምን ያደርጋል? ቃሬዛ አምጡ!»

እስከ ዋናው መንገድ የአንድ ሰዓት ከሩብ ቁልቁለት ነው። ተሸካሚዎቹ እየተቀባበሉ፣ በጎን አስተኝተናቸው፣ እኔ ከራስጌ ሆኜ አፋቸውን በነጠላ እየጠረግሁ ወረድን። «የጀመረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ በአበሻ አቆጣጠር» ብዬ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ጋቢያቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝሁት። መንገድ ላይ ድንች የጫነ አይሱዙ አገኘን። ደብረ ታቦር ስንደርስ ሐኪሞቹ ወረቀቷን ነቅለው አነበቡ፣ የአያ ደሴን የደም ግፊት ለክተው ተያዩ፣ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላኩን።

ያን ጉዞ ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። ቀኑ ወደ ማታ አዘንብሏል። ሐሙሲት ስንደርስ ገበያው እየተበተነ ነበር፤ አህዮች፣ ባዶ ኬሻ፣ ዶሮ በክንዷ ሥር የያዘች ሴት፣ ሁሉም በመስኮቱ መስታወት ላይ ያለ ድምፅ ተንሳፍፎ ያልፋል። ከአያ ደሴ ግንባር የሚወጣው የዳማ ከሴ ሽታ አምቡላንሱን ሞልቶታል። እቴ ጥሩ እግራቸውን ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አያ ደሴ በየመሐሉ ዓይናቸውን ገልጠው «ውሃው» ይላሉ፣ ሰላም እንደሚል ሰው፣ በለሆሳስ።

ባሕር ዳር አያ ደሴ መሣሪያው ውስጥ ገብተው ወጡ። ሐኪሙ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የሌላ አገር ሰው መሆኑን ይናገራል። ፎቶውን ወደ መብራቱ አነሣና «ይቺ ነጯ ይታያችኋል? ደም ናት። ቧንቧው ፈንድቶ ነው» አለ። የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ነበረች። ራስ ሳያም፣ ሳያስመልስ፣ ፈስሷል። ሁለተኛው ዓምድ።

«ከመምጣታችሁ በፊት የወሰዱት ነገር አለ? አስፕሪን? ደም የሚያቀጥን ነገር?»

እጄ ኪሴ ላይ ነበር። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። «ምንም አልወሰዱም» አልሁ።

«ጥሩ» አለ ሐኪሙ።

«አቤት!» አሉ እቴ ጥሩ ከወንበሩ ተነሥተው።

ሐኪሙ ግራ ገባው። ስማቸው መሆኑን ስነግረው ሳቀ፤ እቴ ጥሩም ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባቸው። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ።

አያ ደሴ አሥራ ሁለት ቀን ተኝተው በሕይወት ወጡ። ማሽኔ ተጠግኖ ሥራ ስጀምር ያቺ ነርስ ለሌላ ሥልጠና ያንኑ ጥራዝ ይዛ መጣች። ገንዘብ አልቀበልሽም፣ አንድ ገጽ ብቻ ለራሴ ልገልብጥ አልኋት። ገጽ አሥራ አራት። የመጀመሪያዋ ቃል፣ ለብቻዋ፣ ከላይ በግራ በኩል ተቀምጣለች፦ «አይቻልም።» ከሥሯ፣ የተደፈነውንና የፈሰሰውን የሚለየው የራስ ምርመራው ፎቶ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት አስፕሪን እንዳይሰጥ ይላል። ቋንቋችን እንዲህ ነው፤ እሺታውንም እምቢታውንም እስከ መጨረሻዋ ቃል ደብቆ ይይዛል። እኔ መጨረሻውን ሳልጠብቅ ነበር አራት ነጥብ ያደረግሁት። ማታ ያንን «ይቻላል» በላጲስ አጠፋሁት። ወረቀቱ ላይ ግን የእርሳሱ ጭረት አልጠፋም፣ አሁንም በብርሃን ስይዘው ይታያል።

አያ ደሴ ለወራት ከ«ውሃው» በቀር ቃል አልነበራቸውም። እቴ ጥሩ ከሐኪምም ከእኔም በልጠው ያንን አንድ ቃል ዓይነት ዓይነቱን ለዩት። «ይኼ ጨው የሚጠይቅበት ውሃው ነው» ይላሉ ከጓዳ ሆነው። «ይኼ የቁጣው ነው፣ ተነሡለት። ይኼ እንኳ ዝም ብሎ ነው፣ መኖሩን እየነገረን ነው።» እኔ በሄድሁ ቁጥር እሳቸውን ለመርዳት ቃሉን ቶሎ እሞላላቸው ነበር። «ውሃው…» ሲሉ «ይምጣ?» እላለሁ፣ «ይሞቅ?» እላለሁ። በግራ እጃቸው ጉልበቴን ይመቱኝ ነበር። ቢገባኝ ኖሮ።

በዓመቱ፣ በጥር፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ወደዚያው መደብ ይዘውኝ ወረዱ። ቦዩ ባዶ ነበር። ወደ ላይ አዩና «ውሃው…» አሉ። ልናገር ስል ተውሁት። ጠበቅሁ። አንድ ወፍ ከድንቹ ውስጥ ተነሥታ በረረች። የአንገታቸው ሥር ሲወጣጠር አየሁ።

«ውሃው… ቀረ» አሉ።

ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ ያ የድሮ ሳቃቸው፣ ግማሽ ፊታቸው ላይ ብቻ፣ መጣ። «ተደፍኖ ነው ተሰብሮ አያ?» አልኋቸው። በዶማው ጫፍ ወደ ላይ አመለከቱኝ። ወጥተን ልናይ ተያይዘን ዳገቱን ጀመርን፤ በየአሥር እርምጃው እያረፍን።

አሁን በሕይወት የሉም። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረዋል፤ በየዓመቱም ጥቂት ጥቂት ቃል ይመለስላቸው ነበር። «ኮፒ» ግን አልተመለሰላቸውም። እስከ መጨረሻው «አንተ» ነበር የሚሉኝ፣ ያም ይበቃኝ ነበር።

ሚኒባሱ ዓለም በር ሲቃረብ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው «ሄሎ? ሄሎ?» ብለው ተዉት። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ቀምቶ በጠየቀ። እኔ ጠበቅሁ።

«ፊቱ… ምን ነበር ያሉኝ እማማ?»

«እ? ፊቱ በላብ ተጠምቆ ነው የዋለው። ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል።»

«ፊታቸው ቀጥ እንዳለ ነው? አልተጣመመም?»

«ኧረ ቀጥ ያለ ነው!»

«ሁለቱንም እጃቸውን ያነሣሉ? ሲናገሩስ ቃል አይጠፋባቸውም?»

«ቃል?» ሴትዮዋ ሳቁ። «ቃልማ በጠፋበት! ጠዋት ስወጣ በርበሬው እንዲህ ይሁን፣ ሽንኩርቱ እንዲያ ይሁን ሲለኝ እስከ በር ተከትሎኝ ነው። ሐኪም ነህ እንዴ ልጄ?»

«አይደለሁም። ፎቶ ኮፒ ነው የማነሣው።»

እንደገና ሳቁና ከፌስታሉ አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሰው ሰጡኝ። በጣቶቼ አሸት አድርጌ እስከ ደብረ ታቦር እያሸተትሁት ሄድሁ። ከመስኮቱ ውጭ የጉና ራስ ደመና ለብሷል። ኪሴ ውስጥ ዛሬ የምይዘው ክኒን አይደለም፤ በአራት የታጠፈች ገጽ አሥራ አራት ናት።